ኬኔዲን ለዋይት ሐውስ ያበቃችው ድሃ ግዛት

ስማቸው በዓለም ዙሪያ ከሚታወቅ የአሜሪካ መሪዎች አንዱ ጆን ፊትዝጄራልድ ኬኔዲ ናቸው። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኩባው የሚሳይል ቀውስም እንዲሁ። ወደ ፕሬዚዳንትነት ስላደረሳቸው መንገድ ሲወራ ደግሞ በአብዛኛው የሚነሣው ከሪቻርድ ኒክሰን ጋር በቴሌቪዥን ያደረጉት ክርክር ነው። ይሁን እንጂ ኬኔዲ ከኒክሰን ጋር ከመፋጠጣቸው በፊት በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ያለፉበት ፈተና ከዚህ የማይተናነስ ነበር። ፈተናው የተካሄደው ዌስት ቨርጂኒያ በተባለች ተራራማ፣ ድሃና ድንጋይ ከሰል አምራች ግዛት ውስጥ ነው። ተቀናቃኛቸው የነበሩት ሴናተር ሁበርት ሃምፍሬይ በንግግር ችሎታም ሆነ በሕግ አውጪነት ሥራቸው ከኬኔዲ የሚልቁ እንደነበሩ ብዙዎች ይስማማሉ። ታዲያ ኬኔዲ በምን በለጧቸው? የዛሬው ጽሑፋችን የኬኔዲን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይቃኛል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሀብታም ልጅ

ኬኔዲ የተወለዱት ሜይ 29 ቀን 1917 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሩክላይን ከተማ ነው። ከዘጠኝ ልጆች ሁለተኛው ናቸው። ቤተሰቡ ከአየርላንድ የፈለሱ ካቶሊኮች ዘር ሲሆን፣ የእናታቸው አባት የቦስተን ከንቲባ ነበሩ። አባታቸው ጆሴፍ ኬኔዲ በአክሲዮን፣ በፊልምና በመጠጥ ንግድ ከፍተኛ ሀብት ያካበቱ፣ በኋላም በብሪታንያ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። እኚህ አባት ከልጆቻቸው አንዱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንዲሆን አጥብቀው ይመኙ ነበር። የታሰበው ግን ጆን አልነበሩም፤ የበኩር ልጅ የሆኑት ጆሴፍ ትንሹ ነበሩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱም ወንድማማቾች በባሕር ኃይል አገለገሉ። ኦገስት 1943 በሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ ጆን የሚያዙት ፒቲ 109 የተባለ ጀልባ በጃፓን የጦር መርከብ ተገጭቶ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከ13ቱ የጀልባው ሰዎች 2ቱ ሞቱ። ጆን ክፉኛ የተቃጠለ ባልደረባቸውን የተንሳፋፊ ጃኬት ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው እየጎተቱ ለሰዓታት ከዋኙ በኋላ የተረፉትን ይዘው ከአንዲት ትንሽ ደሴት ደረሱ። በዓመቱ ኦገስት 1944 ታላቅ ወንድማቸው ፈንጂ የጫነ አውሮፕላን እያበረሩ ሳሉ በፍንዳታ ሞቱ። የአባታቸው ምኞት በጆን ትከሻ ላይ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጆን በ1946 ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1952 ደግሞ ሄንሪ ካቦት ሎጅ የተባሉትን ታዋቂ ሪፐብሊካን አሸንፈው ለሴኔት ተመረጡ። የውጭው ዓለም የሚያውቃቸው ወጣት፣ መልከ መልካምና ጤናማ ሰው አድርጎ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጀርባ ሕመማቸው ለተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ዳርጓቸዋል፤ አዲሰን የተባለው የዕጢ በሽታም ነበረባቸው። ቄስ ተጠርቶ የመጨረሻው ጸሎት እስኪደረግላቸው የደረሱበት ጊዜም ነበር። ይህ ሁሉ ከመራጩ ሕዝብ ተሰውሯል። ለሹመት የሚወዳደር ሰው የጤንነቱን ሁኔታ ለሕዝብ መግለጽ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ሲነሣ የኬኔዲ ስም እስከ ዛሬ ድረስ አብሮ ይነሣል።

ለበጎ የሆነ ሽንፈት

በ1956 የዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ የነበሩት አድላይ ስቲቨንሰን ምክትላቸውን የፓርቲው ጉባኤ እንዲመርጥላቸው ተዉት። ኬኔዲ ተወዳድረው በሴናተር ኢስተስ ኬፎቨር ተሸነፉ። ፈጣሪ ሲጣላ ሳይደግስ አይቀርም እንደሚባለው፣ ይህ ሽንፈት ውሎ አድሮ ጠቀማቸው። ስቲቨንሰን በዚያው ዓመት በአይዘንሃወር ክፉኛ ተሸነፉ። ኬኔዲ ምክትል እጩ ሆነው ቢሆን ኖሮ የሽንፈቱ ምክንያት ካቶሊክነታቸው ነው መባሉ አይቀርም ነበር። በ1928 አል ስሚዝ የተባሉ ካቶሊክ የዴሞክራቶች እጩ ሆነው በሰፊ ልዩነት ከተሸነፉ ወዲህ፣ ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሊሆን አይችልም የሚለው እምነት በፓርቲው ሹማምንት ዘንድ ሥር ሰዶ ቆይቷል።

ኬኔዲ ከ1956 በኋላ አንድ ነገር ተገነዘቡ። የጉባኤው ልዑካን ድምፅ የሚገኘው በጉባኤው አዳራሽ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ ከረዳታቸው ከቴድ ሶረንሰን ጋር ሆነው ከግዛት ግዛት መዞር ጀመሩ። በየደረሱበት የሚያገኟቸውን የፓርቲ ሰዎች ስምና አድራሻ በካርድ እየመዘገቡ ያስቀምጡ ነበር። በኋላ ሌሎች ተወዳዳሪዎች ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ኬኔዲ በመላ አገሪቱ የሚያውቁትና የሚያውቃቸው ሰው ነበራቸው።

የ1960ው የምርጫ ሥርዓት

ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ በይፋ አስታወቁ። በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር ከዛሬው በጣም እንደሚለይ መገንዘብ ያስፈልጋል። ዛሬ የፓርቲ እጩ የሚለየው በየግዛቱ በሚካሄዱ ቅድመ ምርጫዎች ነው። በ1960 ግን ቅድመ ምርጫ የሚያካሂዱት ጥቂት ግዛቶች ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹን ልዑካን የሚቆጣጠሩት የግዛት ገዥዎች፣ የትላልቅ ከተሞች ከንቲባዎችና የፓርቲ አለቆች ነበሩ። በመሆኑም አንድ ተወዳዳሪ ቅድመ ምርጫዎችን በሙሉ ቢያሸንፍ እንኳ እጩ ለመሆን ዋስትና አልነበረውም።

የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሊንደን ጆንሰን በዚህ ምክንያት ነው ወደ ቅድመ ምርጫው ሳይገቡ የቀሩት። በዋሽንግተን ያላቸው ሥልጣን ብቻውን ለእጩነት ያበቃኛል ብለው ተማመኑ። ኬኔዲ ግን ይህ ምርጫ አልነበራቸውም። የፓርቲ አለቆቹ፣ ካቶሊኮቹ ጭምር፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ፕሮቴስታንቱ ሕዝብ ለካቶሊክ ድምፁን ይሰጣል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የምርጫ ኮሮጆ ብቻ ነው። እንግዲህ ለኬኔዲ ቅድመ ምርጫ ማለት ልዑካን የሚሰበሰብበት ሳይሆን ለአለቆቹ ማስረጃ የሚቀርብበት መድረክ ነበር።

የፋርማሲው ልጅ

ሁበርት ሃምፍሬይ በ1911 በደቡብ ዳኮታ ግዛት የተወለዱ የፋርማሲ ባለቤት ልጅ ናቸው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ትምህርታቸውን አቋርጠው በአባታቸው ሱቅ ሠርተዋል። የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ሆነው ባገለገሉበት ወቅት፣ በ1948ቱ የፓርቲው ጉባኤ ላይ ስለ ጥቁሮች መብት ያደረጉት ንግግር በአገር አቀፍ ደረጃ አስተዋወቃቸው። በዚያው ዓመት ለሴኔት ተመረጡ። ሠራተኛው፣ ገበሬውና ድሃው ወዳጄ የሚላቸው ሰው ነበሩ። በሴኔት ውስጥ የሠሩት ሥራ ከኬኔዲ ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑ ወደ ሃምፍሬይ እንደሚያጋድል አያጠራጥርም።

ሁለቱ በመጀመሪያ የተገናኙት ኤፕሪል 5 ቀን 1960 በዊስኮንሲን ነው። ዊስኮንሲን የሃምፍሬይ ግዛት የሚኒሶታ ጎረቤት ስትሆን፣ ሕዝቧ እንደ ራሱ ሴናተር ያያቸው ነበር። ኬኔዲ ካሮላይን የተባለ የቤተሰባቸው አውሮፕላን ነበራቸው፤ ሃምፍሬይ በዚያ የክረምት ብርድ በአውቶቡስ ይጓዙ ነበር። ወንድሞችና እህቶች፣ እናትም ጭምር፣ ለኬኔዲ ለመቀስቀስ ግዛቱን አጥለቀለቁት። ሃምፍሬይ በየመንደሩ ቅርንጫፍ ካለው ትልቅ ድርጅት ጋር የሚወዳደር ባለ አንድ ሱቅ ነጋዴ የሆኑ ያህል እንደተሰማቸው በምሬት ተናግረዋል። ጀምበር ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ ይባል የለ!

ኬኔዲ 56 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ድሉ ግን ጥያቄውን አልመለሰውም። ኬኔዲ ከ10ሩ የምርጫ ወረዳዎች ያሸነፉት በ6ቱ ሲሆን፣ ካቶሊኮች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ጠንክረው በፕሮቴስታንቶቹ ዘንድ ግን ደክመው ታዩ። ስለዚህ የፓርቲ አለቆቹ ለኬኔዲ የመረጠው የራሱ ወገን ነው አሉ። ሃምፍሬይም ይህን አይተው ከውድድሩ ከመውጣት ይልቅ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ለመቀጠል ወሰኑ።

ሃምፍሬይ ሣሩን አይተው ገደሉን ያላዩት እዚህ ላይ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካቶሊኩ ከሃያ ሰው አንድ ቢሆን ነው። ሠራተኛው ድሃ ነው፤ ማኅበራቱም ጠንካሮች ናቸው። ይህ ሁሉ ለሃምፍሬይ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በዊስኮንሲን ተሸንፈው ቢወጡ ኖሮ ኬኔዲ በዌስት ቨርጂኒያ ብቻቸውን ስለሚወዳደሩ ድሉ ዋጋ ባልኖረው ነበር። ኬኔዲ የሚፈልጉትን ማስረጃ ሊያገኙ የሚችሉት ፕሮቴስታንት በሆነ ግዛት፣ ፕሮቴስታንት የሆነ ተቀናቃኝ ሲገጥማቸው ብቻ ነው። ያንን ተቀናቃኝ የሰጧቸው ራሳቸው ሃምፍሬይ ሆኑ።

የተገለበጠው ጥያቄ

የኬኔዲ የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ሉ ሃሪስ በ1959 መጨረሻ ባካሄደው ጥናት ኬኔዲ በዌስት ቨርጂኒያ 70 ለ30 ይመሩ ነበር። ከዊስኮንሲን በኋላ በተደረገው ጥናት ግን ሃምፍሬይ 60 ለ40 መምራት ጀመሩ። በመሀሉ የተፈጠረው ነገር ሕዝቡ ኬኔዲ ካቶሊክ መሆናቸውን ማወቁ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተወዳዳሪ የራሱን አጥኚ ቀጥሮ የመራጩን ስሜት በየጊዜው መለካቱ ገና አዲስ ነገር ነበር። ሃምፍሬይ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። ኬኔዲ ችግራቸው ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚከፋ ቀድመው ማወቃቸው አንዱ ብልጫቸው ሆነ።

ጥያቄው ምን እናድርግ የሚለው ነበር። ከአማካሪዎቻቸው ብዙዎቹ የሃይማኖቱን ነገር ባይነካ ይሻላል ባዮች ነበሩ። ኬኔዲ ግን ተቃራኒውን መረጡ። በየአደባባዩ ራሳቸው ያነሡት ጀመር። ወደ ባሕር ኃይል ሲገቡ ሃይማኖታቸውን የጠየቃቸው እንዳልነበረ፣ ወንድማቸው ለመጨረሻው በረራቸው ሲነሡም ካቶሊክ ነህ ወይስ ፕሮቴስታንት ያላቸው እንደሌለ ይናገሩ ነበር። በጦርነቱ ብዙ ልጆቿን ላጣች ግዛት ይህ ቀላል አነጋገር አልነበረም። የፒቲ 109 ታሪክም ታትሞ በብዛት ተሰራጨ። ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት፣ ሜይ 8 ምሽት፣ ኬኔዲ በቴሌቪዥን ቀርበው ፕሬዚዳንት በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ የሚምለው ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸውን ጭምር ለማክበር እንደሆነ አስረዱ።

ይህ አካሄድ የውድድሩን ጥያቄ ገለበጠው። ቀደም ሲል ጥያቄው ካቶሊክ ይመረጣል ወይ የሚል ነበር። አሁን ግን የዌስት ቨርጂኒያ ሕዝብ በሃይማኖት ምክንያት ሰውን የሚጠላ ነው ወይ ወደሚል ተለወጠ። ለኬኔዲ ድምፅ መስጠት የቀናነት ምልክት፣ መንፈግ ደግሞ የጠባብነት ማረጋገጫ መሰለ። ሃምፍሬይ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ለመቻቻልና ለእኩልነት የታገሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ በተዘዋዋሪ የጠባቦች እጩ ሆነው ቀረቡ። ሃይማኖቱን አንስተው እንዳይከራከሩ ሕሊናቸው አልፈቀደላቸውም፤ ዝም እንዳይሉም ዝምታው ጎዳቸው። በዚህ ላይ የግዛቱ ሴናተር ሮበርት ቤርድ የጆንሰን ደጋፊ መሆናቸው እየታወቀ ለሃምፍሬይ መቀስቀሳቸው፣ ሃምፍሬይ የሚሮጡት ለሌላ ሰው ነው የሚለውን የኬኔዲ ወገን ክስ አጠናከረው።

ገንዘብ፣ ስምና ጭቃ

የኬኔዲ ብልጫ ንጹሕ ብልሃት ብቻ ነበር ማለት ግን ታሪክን ማሳመር ይሆናል። ገንዘቡ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። በወቅቱ እንደተዘገበው ሃምፍሬይ በዌስት ቨርጂኒያ ያወጡት ጠቅላላ ወጪ 25 ሺህ ዶላር ያህል ሲሆን፣ ኬኔዲ ለቴሌቪዥን ብቻ 34 ሺህ ዶላር አውጥተዋል። ሃምፍሬይ በመጨረሻዎቹ ቀናት የቴሌቪዥን ሰዓት ለመግዛት ለቤት ወጪ ከተቀመጠው የግል ገንዘባቸው ቼክ መጻፍ ግድ ሆኖባቸዋል። በየአውራጃው ያሉ የፓርቲ ሹሞች የሚደግፏቸውን እጩዎች ስም ዝርዝር እያዘጋጁ ለመራጩ የማደል ልማድ ነበራቸው፤ በዝርዝሩ ለመግባት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል። ኬኔዲ ድምፅ ገዝተዋል የሚለው ሐሜት ከምርጫው በኋላም አልበረደም። የተደረጉት ምርመራዎች ግን በዘመቻው ሰዎች ላይ ክስ አላስከተሉም።

ሌላው የፍራንክሊን ሩዝቬልት ትንሹ ነገር ነው። አባታቸው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ማዕድን ቆፋሪው በማኅበር የመደራጀት መብቱን ያገኘው በእሳቸው ዘመን በመሆኑ፣ በዌስት ቨርጂኒያ በየቤቱ ፎቶግራፋቸው የተሰቀለ ሰው ነበሩ። የኬኔዲ ሰዎች ልጃቸውን አምጥተው በየከተማው አዞሩ። በስማቸው የተጻፉ የድጋፍ ደብዳቤዎች ሳይቀሩ የሩዝቬልት ቤተሰብ መኖሪያ ከሆነው ከሃይድ ፓርክ ፖስታ ቤት እንዲላኩ ተደረገ። ሩዝቬልት ትንሹ በዚህ አላበቁም፤ ሃምፍሬይ በጦርነቱ አለመዝመታቸውን አንስተው ከግዳጅ የሸሹ አስመሰሏቸው። ክሱ ፍትሐዊ አልነበረም። ሩዝቬልት ኋላ የተጸጸቱበት ቢሆንም ሃምፍሬይን ለብዙ ዓመታት ያስቆጨ ቁስል ሆኖ ቀርቷል።

ሜይ 10 ቀን 1960 ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። ኬኔዲ የሚሸነፉ መስሏቸው ስለነበር ምሽቱን ያሳለፉት ዋሽንግተን ፊልም በማየት ነው። ውጤቱ ግን 61 ለ39 በመቶ ገደማ ሆኖ ኬኔዲ አሸነፉ። ሃምፍሬይ በዚያው ሌሊት ከውድድሩ መውጣታቸውን አስታወቁ። የኬኔዲ ወንድም ሮበርት በዝናብ በእግራቸው ወደ ሃምፍሬይ ሆቴል ሄደው አጽናኗቸው። ለሁለት ወራት በጥርጣሬ ሲመለከቱ የነበሩት የፓርቲ አለቆች ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ ወደ ኬኔዲ መጡ። ጁላይ 13 ቀን በሎስ አንጀለሱ ጉባኤ ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው 761 ድምፅ በላይ 806 አግኝተው እጩ ሆኑ፤ ወደ ቅድመ ምርጫው ያልገቡት ጆንሰን 409 ብቻ አገኙ። በኖቬምበር ኬኔዲ ኒክሰንን በመላ አገሪቱ 113 ሺህ ገደማ በሆነ ጠባብ የድምፅ ልዩነት አሸንፈው፣ በ43 ዓመታቸው የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከምርጫው በኋላ

በዌስት ቨርጂኒያ ያዩት ድህነት ኬኔዲን እንዳስደነገጣቸው አብረዋቸው የነበሩ ሁሉ መስክረዋል። ማሽን ሥራቸውን የነጠቃቸው ቆፋሪዎች ልጆቻቸውን የሚመግቡት መንግሥት በሚያድለው የዱቄት ወተት፣ ሩዝና የበቆሎ ዱቄት ነበር። ኬኔዲ ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ቃለ መሐላ ፈጽመው በማግስቱ የፈረሙት የመጀመሪያው ትእዛዝ ለችግረኞች የሚታደለው ምግብ እንዲጨምር የሚያዝ ነበር። በዚያው ዓመት በሙከራ የተጀመረው የምግብ ኩፖን ዕደላ መጀመሪያ የደረሰው ማክዳወል በተባለው የዌስት ቨርጂኒያ አውራጃ ለሚኖር የሥራ አጥ ቆፋሪ ቤተሰብ ነው። ብድሩ በከፊል ተከፈለ ማለት ይቻላል። የአካባቢው ድህነት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

የኬኔዲ ዘመን ለኢትዮጵያም የራሱ ትዝታ አለው። በ1960ው ዘመቻ የጥቁሮች መብት አማካሪያቸው የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ፣ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የሰላም ጓድ መምህራን መሪ ሆነው አዲስ አበባ መጥተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተንን ሲጎበኙ የተቀበሏቸው ኬኔዲ ነበሩ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 22 ቀን ኬኔዲ በዳላስ ተገደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብር ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኬኔዲ ስም ተሰይሟል።

ሃምፍሬይ ከሽንፈታቸው በኋላ ፖለቲካውን አልተዉም። በ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ መጽደቅ ውስጥ ትልቅ ሚና ከተጫወቱ በኋላ በ1965 የጆንሰን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ጆንሰን ላለመወዳደር ሲወስኑ ሃምፍሬይ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በፓርቲ አለቆች ድጋፍ የዴሞክራቶች እጩ ለመሆን በቁ። በዚያው ዓመት በቅድመ ምርጫዎቹ ሲፋለሙ የነበሩት ሮበርት ኬኔዲ በካሊፎርኒያ ባሸነፉበት ሌሊት በጥይት ተመትተው ሞተዋል። ሕዝቡ ያልመረጠው እጩ ተጫነብን የሚል ቁጣ በቺካጎው ጉባኤ ፈነዳ፤ ሃምፍሬይም በኖቬምበር በኒክሰን ተሸነፉ። ፓርቲው ሥርዓቱን አሻሽሎ ከ1972 ጀምሮ እጩውን በአብዛኛው በቅድመ ምርጫ መለየት የጀመረው ከዚህ ቀውስ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሃምፍሬይ እንደገና ተወዳድረው በሴናተር ጆርጅ ማክገቨርን ተሸነፉ። ጃንዋሪ 1978 በካንሰር ሕመም ሲያርፉ በሁለቱም ፓርቲዎች ዘንድ የተከበሩ ሰው ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ስንነሣ፣ በቅድመ ምርጫ አንዱን ተወዳዳሪ ከሌላው የሚያስበልጠው የሥራ ልምድ ወይም የአቋም ጥራት ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሁለቱ ሰዎች በአብዛኞቹ ጉዳዮች የተለያየ አቋም አልነበራቸውም። ኬኔዲ የበለጡት ምርጫው ከመጀመሩ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ በመጀመራቸው፣ ገንዘብ ስላላቸው፣ የሕዝቡን ስሜት ለክተው በማወቃቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊጥላቸው የነበረውን ጉዳይ ደፍረው በማንሣታቸው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሃምፍሬይ በገንዘብ ሊገዙት ይችሉ ያልነበረው የመጨረሻውን ብቻ ነው።